በፈረስ ስፖርት ውስጥ ዶፒንግና የመድኃኒት ምርመራ፦ በሕክምናና በማጭበርበር መካከል ያለው ድንበር

በአገራችን የስፖርት ቋንቋ ዶፒንግ የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ «አበረታች መድኃኒት መጠቀም» ተብሎ ይተረጎማል። ለሯጭ ወይም ለብስክሌት ተወዳዳሪ ስያሜው ከሞላ ጎደል ይስማማል። በፈረስ ስፖርት ግን በምርመራ ከሚገኙት መድኃኒቶች ብዙዎቹ የሚያበረታቱ ሳይሆኑ የሚያረጋጉ፣ የሚያደነዝዙ ወይም ሕመም የሚያስታግሱ ናቸው። መሰናክል የሚዘል ፈረስ በሺዎች በሚቆጠር ተመልካች ጩኸት መካከል ሳይደናገጥ እስከ 1.60 ሜትር የሚደርስ አጥር ማለፍ ይጠበቅበታል። ድሬሳዥ በሚባለው ውድድር ደግሞ ዳኞች የሚመዝኑት ፍጥነትን ሳይሆን እርጋታን፣ ታዛዥነትንና የእርምጃን ውበት ነው። ስለሆነም ቁጡ ፈረስን የሚያበርድ ወይም የሚያነክስን ፈረስ ቀጥ አድርጎ የሚያስኬድ መድኃኒት ለአጭበርባሪ ከማናቸውም አነቃቂ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ጉዳዩ ለሰው ሐኪም ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች የሚነሱት መድኃኒቶች አብዛኞቹ በሰው መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ያሉ ወይም በአንድ ወቅት የነበሩ ናቸው። ከዚህም በላይ ጥያቄው በመሠረቱ የሕክምና ጥያቄ ነው። ፈረሱ መድኃኒቱን አልጠየቀም፣ አልተስማማም፣ የት እንደሚያመውም አይናገርም። ሕመሙን ከሚገልጽባቸው ጥቂት መንገዶች ዋነኛው ማነከስ ነው። ማነከሱን የሚያጠፋ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ሜዳ ሲገባ የጠፋው ምልክቱ እንጂ ጉዳቱ አይደለም፤ የተጎዳው ጅማት ወይም መገጣጠሚያም የሚከላከለው ሕመም ተነፍጎት ይቀራል። ፈረሱ በዝላይ መካከል ቢወድቅ አደጋው ለጋላቢውም ጭምር ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰው በፊት የተመረመረው ፈረስ

በስፖርት የመድኃኒት ምርመራ ቀድሞ የተጀመረው በሰው ላይ ሳይሆን በፈረስ ላይ ነው። በ1910 ገደማ በኦስትሪያ የእሽቅድድም ፈረሶች ምራቅ አልካሎይድ ይኖርበት እንደሆነ መመርመር ተጀመረ። በኦሎምፒክ የሰው አትሌቶች ምርመራ የተጀመረው በ1968 ስለሆነ በሁለቱ መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ልዩነት አለ። ለዚህ ቀዳሚነት ምክንያቱ ለፈረሱ መቆርቆር ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ በእሽቅድድም ላይ ይቆመር የነበረው ገንዘብ የራሱ ጠባቂ ያስፈልገው ነበር።

በዚያው በ1968 በአሜሪካ የኬንታኪ ደርቢ ቀድሞ የገባው ዳንሰርስ ኢሜጅ የተባለው ፈረስ ፌኒልቡታዞን ስለተገኘበት ድሉን ተነጠቀ። ሽልማቱ ተከትሎት ለገባው ለፎርዋርድ ፓስ ተላለፈ፤ ክርክሩም ለዓመታት ዘለቀ። ፌኒልቡታዞንን በዕድሜ የገፉ የጤና ባለሙያዎች ያስታውሱት ይሆናል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለሪህና ለመገጣጠሚያ ብግነት በሰፊው ሲታዘዝ ቆይቶ፣ አግራኑሎሳይቶሲስና አፕላስቲክ አኒሚያ ስለሚያስከትል በብዙ አገሮች ከሰው ሕክምና ወጥቷል ወይም አጠቃቀሙ በእጅጉ ተገድቧል። በፈረስ ሕክምና ግን ዛሬም ከተለመዱት የሕመም ማስታገሻዎች አንዱ ነው። በሰው ደም ውስጥ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ ሦስት ቀን ያህል ሲወስድበት በፈረስ የሚፈጅበት ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። በፈረስም ቢሆን ያለ ጉዳት አያልፍም፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የትልቁ አንጀት ብግነትና የኩላሊት ፓፒላ መሞት ያስከትላል።

መድኃኒቱ ከሰው ሕክምና ከወጣ በኋላም ወደ ሰው የሚመለስበት መንገድ አላጣም። በ2013 በአውሮፓ የፈረስ ሥጋ የበሬ ሥጋ ተብሎ ሲሸጥ በተገኘበት ወቅት፣ የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ባለሥልጣን በአገሪቱ ከታረዱ 206 ፈረሶች በ8ቱ ሥጋ ውስጥ ፌኒልቡታዞን ማግኘቱን ገልጿል። የተገኘው መጠን ለተመጋቢው የሚያሰጋው በእጅጉ አነስተኛ እንደሆነ ቢነገርም፣ በአውሮፓ ይህን መድኃኒት የወሰደ ፈረስ ለሰው ምግብነት እንዳይቀርብ የሚከለክለው ሕግ አልቀረም።

አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ፍጥረት

የሰውን ፋርማኮሎጂ እንዳለ ወደ ፈረስ ማዛወር ስህተት ላይ ይጥላል። ሞርፊን ሰውን ያፈዝዛል፤ ጤነኛ ፈረስን ግን በተወሰነ መጠን ሲሰጠው ያቁነጠንጠዋል፣ ወዲያና ወዲህ ያራውጠዋል። ቀደም ባሉት ዘመናት ኦፒዮይዶች ለእሽቅድድም ፈረስ እንደ አነቃቂ ይሰጡ የነበሩትም ለዚህ ነው።

ሌላው ምሳሌ ኤሪትሮፖየቲን ነው። ፈረስ በጣፊያው ውስጥ ከፍተኛ የቀይ ደም ሴል ክምችት አለው። ሲሮጥ ጣፊያው ይኮማተርና፣ ዕረፍት ላይ ሳለ 40 በመቶ አካባቢ የነበረው ሄማቶክሪት ከ60 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። በሌላ አነጋገር ተፈጥሮ ለፈረስ የራሱን ደም መልሶ የሚጨምርበት ዘዴ ሰጥታዋለች። ይህን የማያውቅ ወይም ያልበቃው ሰው ለሰው የተሠራውን ኤሪትሮፖየቲን ሲወጋው፣ የፈረሱ ሰውነት በባዕዱ ፕሮቲን ላይ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ፀረ እንግዳ አካሉ የፈረሱን የራሱን ኤሪትሮፖየቲንም ስለሚያጠቃ ብርቱ የደም ማነስ ይከተላል፤ በዚህ ምክንያት የሞቱ ፈረሶች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። የኩላሊት ሕሙማንን የሚከታተል ሐኪም በጥቂት ታካሚዎች ላይ የታየውን ተመሳሳይ ችግር ያስታውሳል።

ፍሉፌናዚንም እንዲሁ ነው። በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ማንኛውም የአገራችን ነርስ ይህን በየጥቂት ሳምንቱ በጡንቻ የሚወጋ መድኃኒት ያውቀዋል። በፈረስ ላይ አንዳንድ ጊዜ ከማረጋጋት ይልቅ መቁነጥነጥ፣ ማላብ፣ መሬት በኮቴ መቧጨርና ሌሎች የኤክስትራፒራሚዳል ምልክቶችን ያመጣል። የሰው ታካሚ «እረፍት ነሳኝ» ብሎ የሚያማርረው አካቲሲያ በፈረስ ላይ ሲታይ፣ ከአጠገቡ ለቆመው ሰው አደገኛ ነው።

አቴንስ፣ 2004

ይኸው ፍሉፌናዚን በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ባለቤትን ለውጧል። አየርላንዳዊው ሲያን ኦኮነር ዋተርፎርድ ክሪስታል በተባለው ፈረስ የግል መሰናክል ዝላይን አሸነፈ። ከፈረሱ በተወሰደው ናሙና ውስጥ ግን ፍሉፌናዚንና ዙክሎፔንቲክሶል ተገኙ፤ ሁለቱም ለስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን የሚታዘዙ ናቸው። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ለማረጋገጫ የተቀመጠው ሁለተኛው የሽንት ናሙና በእንግሊዝ አገር በኒውማርኬት ወደሚገኘው ቤተ ሙከራ ሲጓጓዝ መንገድ ላይ ተሰረቀ። የወንጀል ልብ ወለድ የሚመስል ድርጊት ነው፤ በሌላ በኩል ግን የናሙና አያያዝ ሰንሰለት በቤተ ሙከራ ሥራ ውስጥ ለምን ያን ያህል እንደሚከበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ ይከብዳል።

መድኃኒቶቹ የተሰጡት ፈረሱ በውኃ ውስጥ ሕክምና በሚደረግለት ጊዜ እንዲረጋጋ ታስቦ እንደነበረ ተገለጸ። የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የዳኝነት ኮሚቴም ጋላቢው ውጤቱን ለማዛባት ሆን ብሎ እንዳልሠራ ተቀበለ። ቢሆንም በመጋቢት 2005 ሜዳልያው ተነጥቆ ለብራዚላዊው ሮድሪጎ ፔሶዋ ተሰጠ፤ ኦኮነርም ለ3 ወር ታገደ። ሐሳቡ ንጹሕ ነበር ቢባልም ውጤቱ አልጸደቀም፤ ያን ዕለት በሜዳ ላይ የነበረው ፈረስ በደሙ ውስጥ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይዞ ነበርና።

በዚሁ ኦሎምፒክ የጀርመናዊው ሉድገር ቤርባውም ፈረስ ጎልድፊቨር ቤታሜታሶን ተገኘበት። ምንጩ ለቆዳ ሕመም የተቀባ ቅባት ነበር። በየጤና ጣቢያው ያለ ሐሳብ የሚታዘዝ ዓይነት የስቴሮይድ ቅባት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የቤርባውም ነጥብ ሲሰረዝ ጀርመን የቡድን ወርቋን ለአሜሪካ አስረክባ ወደ ነሐስ ወረደች። በቆዳ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ከቆዳ አልፎ ወደ ደም እንደሚገባ ተማሪዎችን ለማስተማር የሚቸገር መምህር ቢኖር፣ ከዚህ የበለጠ ዋጋ የተከፈለበት ምሳሌ አያገኝም።

በርበሬ በፈረስ እግር ላይ

ከአራት ዓመት በኋላ የቤጂንግ ኦሎምፒክ የፈረስ ውድድሮች በሆንግ ኮንግ ሲካሄዱ የተገኘው ንጥረ ነገር ከማናቸውም ይልቅ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ነው። የብራዚል፣ የጀርመን፣ የአየርላንድና የኖርዌይ ጋላቢዎች አራት ፈረሶች ካፕሳይሲን ተገኘባቸው፤ በሌላ የብራዚል ፈረስ ላይ ደግሞ ተመሳሳዩ ኖኒቫማይድ ታየ። ካፕሳይሲን ሚጥሚጣንና በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው። ቃሪያ ከትፎ እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን ያሸ ሰው ሥራውን ያውቃል። የሚሠራውም በሕመም ነርቮች ጫፍ ላይ ባለው ቲ.አር.ፒ.ቪ.1 በተባለ ተቀባይ አማካይነት ነው። ይህ ተቀባይ የጋለ ነገር ሲነካን የሚነቃው ራሱ ስለሆነ አእምሮ በርበሬን እንደ እሳት ይቆጥረዋል። የተቀባዩ ዘረ መል በ1997 በዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ ተለይቶ ታወቀ፤ ተመራማሪውም በ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተጋርቷል።

ካፕሳይሲን ለፈረስ ሁለት ተቃራኒ ጥቅም አለው። እንደተቀባ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ለንክኪም ከመጠን በላይ ስሱ ያደርገዋል። በፊት እግሩ ላይ የተቀባ ፈረስ የአጥሩን ዘንግ ቢነካ በጣም ስለሚያመው በሚቀጥለው ዝላይ እግሩን ከፍ አድርጎ ያነሳል። ተደጋግሞ ሲቀባ ግን የነርቭ ጫፎቹ ይደነዝዛሉ፤ ያኔ ሕመም ማስታገሻ ይሆናል። በሰው ሕክምና ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀር የነርቭ ሕመም የሚሰጠውም በዚህ ሁለተኛ ጠባዩ ነው። አንዱ ቅባት እንደ አቀባቡ ማሰቃያም ማደንዘዣም መሆኑ ነው። ከተከሰሱት ወገኖች ለፈረሱ ጀርባ ጡንቻ ሕመም የተቀባ ነው ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ፈረሶቹ ግን ከውጤት ተሰረዙ፣ ጋላቢዎቹም ለወራት ታገዱ፤ ኖርዌይም የቡድን ነሐሷን ለስዊዘርላንድ አስረከበች።

የቆዳ ስሜት በኬሚካል ብቻ ሳይሆን በሌላም መንገድ ሊቀሰቀስ ስለሚችል ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ሐኪሞች የፈረሶችን እግር በእጅ እየዳሰሱና በሙቀት መለኪያ ካሜራ እያዩ መመርመር ጀመሩ። ዘዴው ክርክር አላጣውም። በ2010 በጄኔቫ ሳፋየር የተባለች አሜሪካዊት ባዝራ እግሯ ከመጠን በላይ ስሱ ነው ተብላ ከውድድር ወጣች፤ ምንም መድኃኒት ግን አልተገኘባትም። የሐኪም ጣት ጠቃሚ መሣሪያ ቢሆንም እንደ ቤተ ሙከራ ቁጥር ሊመሰክር አይችልም።

ዝርዝሩና የ2009 ክርክር

እነዚህ ቅሌቶች ፌዴሬሽኑን ደንቡን እንዲያሻሽል አስገደዱት። በሚያዝያ 2010 ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓት ንጥረ ነገሮችን በሁለት ይከፍላል። የመጀመሪያው «የታገዱ» የሚባሉት ሲሆኑ በውድድር ፈረስ ሕክምና ውስጥ ተገቢ ቦታ የላቸውም፤ አናቦሊክ ስቴሮይዶችና ለሰው የተሠሩ ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች በዚህ ይመደባሉ። መደበኛ ቅጣቱ የ2 ዓመት እገዳ ነው። ሁለተኛው «ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች» ናቸው፤ ፈረስ ሲታመም ሊሰጡት ይገባል፣ በውድድር ቀን ግን በሰውነቱ ውስጥ መገኘት የለባቸውም።

በሁለቱ ምድቦች መካከል ያለው መስመር ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን በኅዳር 2009 በኮፐንሃገን የተካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ መስመሩን ሊያደበዝዘው ተቃርቦ ነበር። ጉባኤው ለፌኒልቡታዞን፣ ለፍሉኒክሲንና ለሳሊሲሊክ አሲድ የተወሰነ መጠን በውድድር ጊዜ እንዲፈቀድ በጠባብ የድምፅ ልዩነት አጸደቀ። ደጋፊዎቹ የሚሉት የሰው አትሌት አስፒሪን ውጦ ይወዳደራል፣ ፈረስ ለምን ይከለከላል ነው። ክርክሩ አንድ ነገር ይዘነጋል፤ አስፒሪኑን የዋጠው ሰው የት እንደሚያመውና መቼ ማቆም እንዳለበት ያውቃል። ውሳኔው ከብዙ አገሮች ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው ሳይተገበር ቆይቶ በ2010 ተተወ። የሕመም ማስታገሻ የሚያስፈልገው ፈረስ ዕረፍት ያስፈልገዋል የሚለው አቋም ጸና።

ደንቡ ተጠያቂ የሚያደርገው በመጀመሪያ ደረጃ ጋላቢውን ነው፤ መድኃኒቱን ማን እንደሰጠ ተጠያቂነቱን አያስቀርለትም። በ2009 የዱባይ ገዥ ሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ አል መክቱም በረጅም ርቀት ግልቢያ በተወዳደሩበት ታሃን የተባለ ፈረስ ውስጥ ጓናቤንዝ የተባለ የደም ግፊት መድኃኒትና የስታኖዞሎል ዝቃጭ ተገኘ። ኃላፊነቱን አሠልጣኙ ቢወስድም ሼኩ ራሳቸው ለ6 ወር ታግደዋል። ጋላቢው በራሱ ሰውነት ደግሞ እንደማንኛውም አትሌት በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ደንብ ይመረመራል፤ አንድ ሰው በራሱም በፈረሱም ሽንት ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው።

ናሙናውና ቁጥሩ

ከውድድሩ በኋላ የተመረጠው ፈረስ ከአጠገቡ ሰው ሳይለየው ወደ መመርመሪያ ጋጣ ይወሰዳል። ሽንት እስኪሰጥ ይጠበቃል፤ ፈረሶች ፉጨት ሰምተው እንዲሸኑ የማልመድ ነባር ዘዴም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ደምም ይወሰዳል። ናሙናው በሁለት ተከፍሎ ይታሸጋል፤ የመጀመሪያው አዎንታዊ ከሆነ ሁለተኛው በባለጉዳዩ ጥያቄ ይመረመራል። የዘመኑ የክሮማቶግራፊና የማስ ስፔክትሮሜትሪ መሣሪያዎች ከአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ የናኖ ግራምን ክፋይ ለይተው ያያሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ትክክለኛነት ነው። የመድኃኒቱ ጥቅም ካበቃ በኋላ ርዝራዡ ለቀናት ይታያል። ፌኒልቡታዞን በፈረስ ደም ውስጥ በጥቂት ሰዓታት በግማሽ የሚቀንስ ቢሆንም ፌዴሬሽኑ ያወጣው የመታያ ጊዜ 168 ሰዓት ማለትም 7 ቀን ነው። የመታያ ጊዜ የሚለካው በጥቂት ጤነኛ ፈረሶች ላይ በመሆኑ የእንስሳት ሐኪሙ የፈረሱን ዕድሜ፣ የኩላሊቱንና የጉበቱን ሁኔታ አይቶ ተጨማሪ ቀን ማከል አለበት። ለአንዳንድ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ባዶ መሆን የማይቻል ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ ከአልፋልፋ ድርቆሽ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከፈረሱ ከራሱ አካል ስለሚገኙ ወሰን ተበጅቶላቸዋል። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ወሰኑ በፕላዝማ 36 ሚሊ ሞል በሊትር ነው። ይህ የተደነገገው ከውድድር በፊት ሶዲየም ባይካርቦኔት በአፍንጫ ቱቦ ወደ ጨጓራ እየጨመሩ የላክቲክ አሲድን ድካም ለማዘግየት የሚሞክሩ ስለነበሩ ነው።

ከመኖና ከሰው የሚመጣ

ሁሉም አዎንታዊ ውጤት የማጭበርበር ውጤት አይደለም። በመኖ ውስጥ የካካዎ ገለባ ከገባ ቲዮብሮሚን፣ የፖፒ ዘር ከተቀላቀለ ሞርፊን ይገኛል። በእኛ አገር በየመንደሩ ጥግና በየማሳው ዳር የሚበቅለው አጤ ፋሪስ ከድርቆሽ ጋር ታጭዶ ከቀረበ አትሮፒንና ስኮፖላሚን ያስገኛል። ይህ ተክል የሚያሰጋው ፈረስን ብቻ አይደለም። በ2019 በኡጋንዳ የተከፋፈለ የዕርዳታ ዱቄት በዚሁ የተክል ዓይነት አልካሎይዶች ተበክሎ ሰዎች ሞተዋል፣ ከሦስት መቶ በላይ ሰዎችም ታመዋል።

ሌላው የብክለት ምንጭ ጋጣው ራሱ ነው። ፍሉኒክሲን የታከመ ፈረስ ሽንቱ ያረፈበትን ጭድ መልሶ ሲበላ መድኃኒቱ በሰውነቱ ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ እንደሚቆይ በጥናት ታይቷል። ሰውም እንዲሁ ይበክላል። የፈረስ ጠባቂው ለጀርባ ሕመሙ የታዘዘለት ትራማዶል ወይም ናፕሮክሲን አብዛኛውን ጊዜ በሽንቱ ይወጣል፤ ሌሊት ከጋጣው ወጥቶ መጸዳጃ ቤት መሄድ ስለሚታክተው ጭዱ ላይ ቢሸና ፈረሱ ጭዱን ይበላል። የስቴሮይድ ቅባት በእጁ ላይ የተቀባ ሰው ልጓም ሲያጎርስም እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው ፌዴሬሽኑ ለተወዳዳሪዎች በሚሰጠው ምክር ውስጥ ሰዎች በጋጣ ውስጥ እንዳይሸኑ፣ የራሳቸውን መድኃኒት ከነኩ በኋላ እጃቸውን እንዲታጠቡ፣ የሚሰጠው መድኃኒት ሁሉ ቀኑና መጠኑ ተጽፎ በመዝገብ እንዲያዝ የሚያሳስበው። ከፈረስ ጋር የሚውል ታካሚ የሚያጋጥመው ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ ለታካሚው ያን ያህል ላይጠቅም ይችላል፤ ከዚያ ታካሚ በስተጀርባ ግን ሳያውቀው የሚመረመር ሌላ አካል አለ።